በሰዓት ላይ የተነሣ ሙግት፦ የደም ኦክሲጅን መለኪያና የፓተንት ሕግ

አንድ ወጣት ድባጤ ከተማ ውስጥ ይኖራል እንበል። አሜሪካ ያለው አጎቱ በ2024 እ.ኤ.አ. እዚያው የገዛውን አዲስ የአፕል ሰዓት ይልክለታል። ጓደኛው ደግሞ ያንኑ ሞዴል ከዱባይ አስመጥቷል። ሁለቱም ሰዓቶች የልብ ትርታና እርምጃ ይቆጥራሉ። የደም ኦክሲጅን ግን የዱባዩ ይለካል፣ የአሜሪካው አይለካም። ወጣቱ አስመስለው የሠሩትን ዕቃ የላኩለት ሊመስለው ይችላል። ሰዓቱ ግን ደህና ነው። ብርሃን የሚያመነጨውም የሚቀበለውም ክፍል በውስጡ አለ፤ እንዳይሠራ የተዘጋው በሙግት ምክንያት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሙግቱ ምን እንደነበረና እኛን የፊዚክስ ተማሪዎችን በምን በኩል እንደሚመለከተን ማሳየት ነው።

በመጀመሪያ አሠራሩን እንመልከት። በኮቪድ ጊዜ ጤና ጣቢያ የሄደ ሰው ጣትን እንደ ልብስ መቆንጠጫ የምትይዘውን ትንሽ መሣሪያ ያስታውሳል። መሣሪያዋ ሁለት ዓይነት ብርሃን ትልካለች፦ አንዱ ቀይ (ወደ 660 ናኖሜትር)፣ ሌላው በዓይን የማይታይ ኢንፍራሬድ (ወደ 940 ናኖሜትር)። ኦክሲጅን የያዘ ሄሞግሎቢን ኢንፍራሬዱን አብዝቶ ይውጣል፣ ቀዩን ያሳልፋል። ኦክሲጅን ያልያዘው ደግሞ ቀዩን አብዝቶ ይውጣል። ልብ በመታ ቁጥር የደም ቧንቧ ስለሚሞላ የሚያልፈው ብርሃን ከፍ ዝቅ ይላል። የሁለቱ ብርሃኖች የመዋዠቅ ንጽጽር በሒሳብ ተሰልቶ በመቶኛ ይነበባል። የዘዴው መነሻ የጃፓናዊው መሐንዲስ የታኩዎ አዮያጊ ሥራ ሲሆን ኒሆን ኮህደን የተባለው ኩባንያቸው ለፓተንት ያመለከተው በ1974 እ.ኤ.አ. ነው። ሰዓት ላይ ግን ነገሩ ይከብዳል። የእጅ አንጓ እንደ ጣት ጫፍ ቀጭን ስላልሆነ ብርሃኑ በወዲያኛው በኩል አይወጣም፤ ከቆዳ ሥር ተንጸባርቆ የሚመለሰው ደካማ ብርሃን ነው የሚለካው።

ታዲያ ዘዴው ይህን ያህል የቆየ ከሆነ ማን በምን ላይ ነው የሚከራከረው? ብዙ ሰው ፓተንት የሚሰጠው «ለሐሳብ» ይመስለዋል። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። የተፈጥሮ ሕግ የማንም ንብረት አይሆንም፤ ሄሞግሎቢን ብርሃን መዋጡን ማንም በስሙ ሊያስመዘግብ አይችልም። የሚመዘገበው የተወሰነ አሠራር ነው፦ ብርሃን አመንጪዎቹና ተቀባዮቹ እንዴት ተደረደሩ፣ ቆዳ ላይ የሚያርፈው ገጽ ወደ ውጭ ጎበጥ ያለ ነው ወይ፣ ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ የት ነው የሚለው። የመብቱን ወሰን የሚያስቀምጠው የሰነዱ ክፍል ክሌም ይባላል። ሙግቱ ሁሉ የሚወድቀውም የሚነሣውም እዚያ በተጻፈው ቃል ላይ ነው።

ማሲሞ በ1989 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ የተቋቋመ የሕክምና መሣሪያ ኩባንያ ነው። የታወቀውም ሕመምተኛው ሲንቀሳቀስ ጭምር የሚለካ ኦክሲሜትር በመሥራት ነው። አፕል የደም ኦክሲጅን መለኪያ ያለውን ሰዓት በ2020 አወጣ። ማሲሞ በ2021 ለአሜሪካ ዓለም አቀፍ ንግድ ኮሚሽን አቤት አለ። ኮሚሽኑ በጥቅምት 2023 ፓተንት ተጥሷል ብሎ ሰዓቶቹ ወደ አገሪቱ እንዳይገቡ አገደ። ከይግባኝ ግርግር በኋላ አፕል ከጥር 18 ቀን 2024 ጀምሮ በአሜሪካ የሚሸጣቸውን ሰዓቶች ይህን መለኪያ ዘግቶ መሸጥ ጀመረ። በነሐሴ 2025 ስሌቱ በሰዓቱ ላይ ሳይሆን በስልኩ ላይ እንዲሠራ አድርጎ አገልግሎቱን መለሰ። ልብ በሉ፣ ፊዚክሱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ስሌቱ የሚከናወንበት ቦታ ብቻ ነው። ክሌም ማለት እንግዲህ ይሄ ነው።

የገንዘቡ ነገር ደግሞ ያስገርማል። በጥቅምት 2024 አፕል በተራው ማሲሞን በሰዓት ንድፍ ከስሶ ሲረታ ዳኞቹ የፈረዱለት 250 ዶላር ነው። ሚሊዮን አይደለም፣ ሁለት መቶ ሃምሳ! በኅዳር 2025 ግን በሌላ መዝገብ፣ በልብ ትርታ ክትትል ጉዳይ፣ ለማሲሞ 634 ሚሊዮን ዶላር ተፈረደ፤ አፕልም ይግባኝ እንደሚል አስታወቀ።

ተከሳሽ ሌላም መንገድ አለው፤ «ፓተንቱ ራሱ ሊሰጥ አይገባም ነበር» ማለት። አላይቭኮር የተባለ ኩባንያ በልብ ኤሌክትሪክ ክትትል አፕልን ከስሶ በ2022 በንግድ ኮሚሽኑ ቢያሸንፍም፣ በዚያው ወር የፓተንት ቦርዱ ፓተንቶቹን ዋጋ ቢስ አላቸው። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በ2025 የቦርዱን ውሳኔ አጸና። ይህ መንገድ ለእኛ አዲስ አይደለም። በኔዘርላንድስ በጤፍ ዱቄት ላይ የተሰጠው ፓተንት በ2018 በሄግ ፍርድ ቤት የወደቀው በዚሁ ዓይነት ክርክር ነው፤ ባለ ፓተንቱ ሌላውን ከሰሰ፣ ተከሳሹም ፈጠራ የለበትም ብሎ ረታ።

ወደ አገራችን እንምጣ። ፓተንት በተሰጠበት አገር ብቻ የሚሠራ መብት ነው። አሜሪካ ተመዝግቦ እዚህ ያልተመዘገበ አሠራር እዚህ ማንንም አይከለክልም። በአዋጅ ቁጥር 123/1987 ዓ.ም. መሠረት የፓተንት ዘመን 15 ዓመት ሲሆን፣ ፈጠራው በኢትዮጵያ ውስጥ በሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ 5 ዓመት ይጨመርለታል። የኮምፒውተር ፕሮግራምና በሰው አካል ላይ የሚደረግ የምርመራ ዘዴ ፓተንት አያገኙም፤ ለምርመራው የሚያገለግለው ዕቃ ግን ሊያገኝ ይችላል። ስለዚህ የሰዓቱ ስሌት እዚህ ፓተንት ባያገኝ የመብራቶቹ አደራደር ሊያገኝ ይችላል ማለት ነው። አነስተኛ ፈጠራም የራሱ የምስክር ወረቀት አለው፤ ለ5 ዓመት ይሰጣል፣ ለሌላ 5 ዓመት ይታደሳል።

በእኔ አስተያየት ከሙግቱ ይልቅ እኛን የሚያሳስበው ሌላ ነገር ነው። በ2020 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሆስፒታል ኦክሲሜትሮችን መረመሩ። መሣሪያው ከ92 እስከ 96 ከመቶ ካነበበላቸው ጥቁር ሕመምተኞች ወደ 12 ከመቶ የሚሆኑት እውነተኛው የደም ኦክሲጅናቸው ከ88 በታች ሆኖ ተገኘ። ከነጮቹ እንዲህ የሆኑት ወደ 4 ከመቶ ነበሩ። ሜላኒን ብርሃን ይውጣል፤ መሣሪያው የተስተካከለው ደግሞ በአብዛኛው በነጣ ቆዳ ላይ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በጥር 2025 ባወጣው ረቂቅ መመሪያ አምራቾች በተለያየ የቆዳ ቀለም ላይ እንዲፈትሹ ጠየቀ። እንግዲህ ይቺ መሣሪያ ድባጤ ወይም አሶሳ ላይ በሳንባ ምች በታመመ ሕፃን ጣት ላይ ስትውል፣ ያነበበችው ቁጥር ኦክሲጅን ይሰጠው አይሰጠው የሚለውን ሊወስን ይችላል። 93 ማለቷ 93 ላይሆን ይችላል።

ሙግት የተነሣባቸው የፓተንት ሰነዶች ከነሥዕላቸው በነፃ ይነበባሉ፤ ባለ ፓተንቱ መብት የሚያገኘው አሠራሩን ገልጦ በማሳየቱ ነውና። ቀይና ኢንፍራሬድ አመንጪ፣ አንድ ፎቶዳዮድ፣ አንድ አነስተኛ ማይክሮኮንትሮለር ካለን የመለኪያውን መሠረታዊ ምልክት በኦፕቲክስ ቤተ ሙከራ በሰሌዳ ላይ ማየት እንችላለን። ትክክለኛውን መቶኛ ለማወቅ ከደም ምርመራ ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል፤ እሱ የሐኪም ሥራ ነው። ምልክቱ በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ምን ያህል እንደሚዳከም ግን በራሳችን ጣቶች ልንለካው እንችላለን። በዚህ የመመረቂያ ጽሑፍ መሥራት የሚፈልግ የክፍል ጓደኛ ካለ እኔ ዝግጁ ነኝ።