ቀድሞ ማግኘት መቼ ሕይወት ያድናል? የሳንባ ካንሰር ቅድመ ልየታ

የሳንባ ካንሰር በዓለም ላይ ከየትኛውም የካንሰር ዓይነት ይበልጥ ሰው የሚገድል በሽታ ሲሆን፣ በ2022 ብቻ (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ወደ 2.5 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች እንደተያዙበትና 1.8 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ደግሞ ሕይወታቸውን እንዳጡበት ይገመታል። ይህን ያህል ገዳይ ያደረገው በአብዛኛው ድምፁን አጥፍቶ ማደጉ ነው። የሳንባ ውስጠኛ ክፍል ሕመም የሚያስተላልፉ ነርቮች እምብዛም ስለሌሉት፣ ዕጢው የሳንባን ሽፋን ወይም ትልልቆቹን የአየር ቧንቧዎች እስኪነካ ድረስ ሰውየው ምንም ሳይሰማው ሊቆይ ይችላል፤ የማያባራ ሳል፣ ደም የተቀላቀለበት አክታ ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ክሳት ሐኪም ዘንድ ሲያደርሰው ግን በሽታው ብዙውን ጊዜ ተሰራጭቶ፣ በቀዶ ሕክምና የማስወገዱ ዕድል አልፎ ይገኛል። ስለዚህ ምንም ምልክት ያልታየበትን ሰው አስቀድሞ መመርመር፣ ማለትም ቅድመ ልየታ፣ ለዚህ በሽታ የተገባ መፍትሔ ይመስላል። ይሁንና መፍትሔነቱን በማስረጃ ለማረጋገጥ አርባ ዓመት ገደማ ወስዷል፤ በመካከሉ የደረሰው ውድቀትም ስለማንኛውም ቅድመ ምርመራ የሚያስተምረው ብዙ ነገር አለ።

በ1971 በአሜሪካ በማዮ ክሊኒክ በተጀመረ ጥናት፣ ዕድሜያቸው 45 እና ከዚያ በላይ የሆነ ከዘጠኝ ሺህ የሚበልጡ አጫሽ ወንዶች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። የመጀመሪያው ቡድን አባላት ለስድስት ዓመታት በየአራት ወሩ የደረት ራጅ እንዲነሡና አክታ እንዲሰጡ ሲደረግ፣ ሌሎቹ በዓመት አንድ ጊዜ እንዲመረመሩ ምክር ብቻ ተሰጣቸው። ጥናቱ ሲጠናቀቅ በተደጋጋሚ በተመረመሩት ዘንድ 206፣ በሌሎቹ ዘንድ ደግሞ 160 የሳንባ ካንሰር ሕመምተኞች ተገኙ፤ በመጀመሪያው ቡድን ከተገኙት ካንሰሮች ብዙዎቹ ገና ጅምር ላይ የነበሩ ሲሆን፣ ከታወቀባቸው ጊዜ አንሥቶ ሲቆጠር ሕመምተኞቹ የኖሩት ዕድሜም ረዘም ያለ ነበር። በካንሰሩ የሞቱት ግን ከመጀመሪያው ቡድን 122፣ ከሁለተኛው 115 ሆኑ። ብዙ ካንሰር ተገኘ፣ ቀድሞም ተገኘ፤ ነገር ግን ከሞት የዳነ ሰው መኖሩን የሚያሳይ ልዩነት አልታየም።

ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ ለመረዳት አንድ ምሳሌ በቂ ነው። አንድ ሰው በ67 ዓመቱ ሳል ጀምሮት ካንሰር ቢገኝበትና በ70 ዓመቱ ቢሞት፣ በሽታው ከታወቀ በኋላ ሦስት ዓመት ኖረ ይባላል፤ ያው ሰው ምልክት ሳይታይበት በ63 ዓመቱ ተመርምሮ ካንሰሩ ቢታወቅና አሁንም በ70 ዓመቱ ቢሞት፣ ሰባት ዓመት ኖረ ተብሎ ይመዘገባል። በመዝገብ ላይ አራት ዓመት ተጨምሯል፤ በሰውየው ዕድሜ ላይ ግን አንድም ቀን አልተጨመረም፣ የተጨመረለት በጭንቀት ያሳለፈው ጊዜ ነው። ከዚህ ሌላ አንዳንድ ካንሰር እጅግ በዝግታ የሚያድግ በመሆኑ፣ ባይፈለግ ኖሮ ሰውየው በሌላ ምክንያት እስኪሞት ድረስ ሳይታወቅ ይቀር ነበር፤ እንዲህ ያለው ትርፍ ግኝት የመዳንን ቁጥር ያሳምራል፣ ሕመምተኛውን ግን ለማያስፈልገው ቀዶ ሕክምና ይዳርገዋል። በዚህም የተነሣ አንድ የምርመራ ማዕከል ካንሰር ያገኘባቸው ሰዎች ለብዙ ዓመታት እንደኖሩ ቢያስተዋውቅ፣ ይህ ብቻውን ምርመራው ሕይወት እንደሚያድን አያስረዳም። ሊጠየቅ የሚገባው፣ በዕጣ ከተለዩ ሁለት ቡድኖች መካከል በተመረመረው ውስጥ በበሽታው የሞቱት ሰዎች ቁጥር ቀንሷል ወይ የሚለው ነው።

ለዚህ ጥያቄ አዎንታዊ መልስ የተገኘው ራጁ በሲቲ ስካን ሲተካ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ከ2002 ጀምሮ ዕድሜያቸው ከ55 እስከ 74 የሆነ 53,454 ከባድ አጫሾችንና ማጨስ ያቆሙ ሰዎችን መዝግቦ፣ ግማሾቹ በዝቅተኛ የጨረር መጠን በሚሠራ ሲቲ ስካን፣ ግማሾቹ በደረት ራጅ ለሦስት ዓመታት በየዓመቱ እንዲመረመሩ አደረገ። በ2011 ይፋ በሆነው ውጤት በሲቲ ስካን ከተመረመሩት መካከል 356፣ በራጅ ከተመረመሩት መካከል 443 ሰዎች በሳንባ ካንሰር ሞተው ተገኙ፤ ይህም ሞቱ በ20 በመቶ መቀነሱን ያመለክታል። በተጨማሪም በማናቸውም ምክንያት የደረሰው ሞት በ6.7 በመቶ ዝቅ ብሏል። በቅድመ ምርመራ ጥናቶች ዘንድ ይህ ብርቅ የሆነ ውጤት ነው።

ዋጋው ግን ቀላል አልነበረም። በሦስቱ ዙሮች በሲቲ ስካን ከተደረጉት ምርመራዎች ሩብ ያህሉ አጠራጣሪ ነገር ያሳዩ ሲሆን፣ ከእነዚህም ከ100 ውስጥ 96ቱ ኋላ ላይ ሲጣራ ካንሰር ሳይሆኑ ቀርተዋል። ሲቲ ስካን ሳንባን በቀጫጭን ንብርብሮች ከፋፍሎ ስለሚያሳይ፣ ኖዱል የሚባሉትን ጥቂት ሚሊሜትር ስፋት ያላቸው ጠጣር ነጠብጣቦች ሁሉ ይለቅማል፤ አብዛኞቹም ከዳነ ኢንፌክሽን የቀሩ ጠባሳዎች ናቸው። ኔልሰን በሚል ስያሜ የሚታወቀውን ጥናት በኔዘርላንድስና በቤልጅየም ያካሄዱት ተመራማሪዎች ለዚህ ችግር ጥሩ መላ አመጡ፤ የነጠብጣቡን ስፋት ብቻ ከመለካት ይልቅ ሙሉ ይዘቱን በኮምፒውተር አስልተው፣ አጠራጣሪ የሆነውን ከጥቂት ወራት በኋላ ደግመው በማንሣት ይዘቱ ምን ያህል በፍጥነት እንዳደገ አዩ። ካንሰር ያድጋል፣ ጠባሳ ባለበት ይቆያል። በዚህ ዘዴ በመጨረሻ አዎንታዊ ተብሎ ለተጨማሪ ምርመራ የተላከው ከ100 ወንዶች ምርመራ ውስጥ ሁለት ያህሉ ብቻ ሲሆን፣ በ2020 እንደታተመው ከአሥር ዓመት ክትትል በኋላ በወንዶች ላይ የሳንባ ካንሰር ሞት በ24 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። ስለዚህ ነጠብጣብ ታይቶብዎታል የተባለ ሰው ድንጋጤው ቢገባም፣ ሐኪሙ ናሙና ለመውሰድ ሳይቸኩል ከወራት በኋላ ተመልሶ እንዲመጣ ማዘዙን እንደ ቸልተኝነት ሊቆጥረው አይገባም።

ምርመራው ራሱ እጅግ አጭር ነው፤ ተመርማሪው እጆቹን ከራሱ በላይ ዘርግቶ ይተኛል፣ ትንፋሹን ለጥቂት ሰከንዶች ይይዛል፣ መርፌም ሆነ የሚጠጣ ነገር የለውም። የሚወስደው ጨረር አንድ ሰው ከተፈጥሮ አካባቢው በስድስት ወር ገደማ የሚያገኘውን ያህል ነው።

ለማን ይገባል የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው ፓኮ ዓመት በሚባል ስሌት ነው፤ ይኸውም በቀን የሚጨሰው ሲጋራ ብዛት ለ20 ተካፍሎ በተጨሰበት ዓመት ብዛት ይባዛል። ሲጋራ በፍሬ እየገዛ በቀን አሥር ያህል ለአርባ ዓመት ያጨሰ ሰው 20 ፓኮ ዓመት ሲኖረው፣ በቀን አምስት ለሠላሳ ዓመት ያጨሰ 7.5 ብቻ ይኖረዋል። የአሜሪካ የመከላከል አገልግሎቶች ግብረ ኃይል በ2013 ዕድሜያቸው ከ55 እስከ 80 ለሆነና 30 ፓኮ ዓመት ላጨሱ ሰዎች ምርመራውን መክሮ ነበር፤ በ2021 ግን ዕድሜውን ወደ 50፣ የማጨሱን መጠን ወደ 20 ዝቅ ሲያደርግ፣ አሁንም የሚያጨስ ወይም ካቆመ 15 ዓመት ያልሞላው መሆን አለበት የሚለውን ሁኔታ እንዳለ አቆይቶታል። ለውጡ ያስፈለገው ጥቁር አሜሪካውያንና ሴቶች አነስ ያለ ሲጋራ አጭሰውም በበሽታው እንደሚያዙ፣ የቀድሞው መስፈርትም ከምርመራው ውጭ እያስቀራቸው እንደነበር በመታየቱ ነው።

መመሪያ መውጣቱ ብቻውን ግን ሰውን ወደ ምርመራ ክፍል አያመጣም። በአሜሪካ ወጪው በመድን የሚሸፈን ሆኖ ሳለ መስፈርቱን ከሚያሟሉት አምስት ሰዎች አንዱ እንኳ አልተመረመረም፤ ብዙ አጫሾች ወቀሳን ፈርተው ከሐኪም ይርቃሉ፣ የሐኪም መዝገብም ስንት ዓመት እንዳጨሱ በትክክል አይዝም። በእንግሊዟ ማንችስተር በ2016 የተሞከረው አካሄድ ከዚህ የተሻለ ማስተዋል የታየበት ነው፤ የሲቲ ስካን መሣሪያው በተሳቢ መኪና ተጭኖ ድሆች በሚበዙባቸው ሰፈሮች የገበያ ማዕከላት አጠገብ ቆመ፣ ከተገኙት ካንሰሮችም ከአሥሩ ስምንቱ ያህል በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደረጃዎች ላይ ነበሩ። እንግሊዝ አገልግሎቱን በመላ አገሪቱ እንደምታስፋፋ በ2023 አስታውቃለች፤ አውስትራሊያም ከሐምሌ 2025 ጀምሮ የራሷን ብሔራዊ መርሐ ግብር ከፍታለች።

ይህን ሁሉ ወደ ኢትዮጵያ እንዳለ ማምጣት ስሕተት ይሆናል። በ2016 በተደረገው ብሔራዊ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀሙት ከ100 አዋቂዎች አምስት ያህሉ ብቻ በመሆናቸው የሚለየው ሕዝብ ጥቂት ነው፤ የሳንባ ነቀርሳ በተስፋፋበት አገር ደግሞ ጠባሳው ስለሚበዛ፣ በከንቱ ለናሙናና ለቀዶ ሕክምና የሚዳረገው ሰው ከማንችስተሩ በእጅጉ ሊበልጥ ይችላል። በማገዶና በኩበት ጭስ ውስጥ ዕድሜዋን የፈጀች ሴት የተጋረጠባት አደጋ እውነተኛ ቢሆንም፣ የተጠቀሱት ጥናቶች ያካተቱት አጫሾችንና ማጨስ ያቆሙ ሰዎችን ብቻ ስለሆነ ምርመራው እሷን ይጠቅማታል ለማለት የሚያስችል ማስረጃ የላቸውም፤ እሷን ጭስ አልባ ምድጃ ይበልጥ ይጠቅማታል። የትምባሆን ማስታወቂያ የከለከለው፣ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው እንዳይሸጥ ያገደውና ማስጠንቀቂያው የፓኮውን 70 በመቶ እንዲሸፍን ያዘዘው አዋጅ ቁጥር 1112/2011 (በቁጥሩ ውስጥ ያለው ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) በአግባቡ ቢፈጸም፣ ለሀገሪቱ ከየትኛውም ሲቲ ስካን የበለጠ ሕይወት ያተርፋል። በአሜሪካው ጥናት ተሳታፊዎች ዘንድ እንኳ ለሰባት ዓመት ከሲጋራ መራቅ በሳንባ ካንሰር የመሞትን አደጋ ከምርመራው ጋር በሚመጣጠን መጠን ቀንሶ ታይቷል።

መስፈርቱን የሚያሟሉ በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ግን ዕድሉን ሊያሳልፉት አይገባም። በወጣትነት በአገር ቤት የተጨሰው ሲጋራም ከስሌቱ ስለሚገባ ለሐኪም መነገር አለበት፤ የሳንባ ነቀርሳ ይዟቸው የዳኑም ይህንኑ አስቀድመው ማስረዳት፣ ቀደም ሲል የተነሡት ራጅ ወይም ሲቲ ስካን ካለም ይዘው መቅረብ ይኖርባቸዋል፤ ምክንያቱም ከሁለት ዓመት በፊት በተነሣ ፊልም ላይ በዚያው ቦታና በዚያው መጠን የታየ ጠጣር ነጠብጣብ በአብዛኛው ካንሰር ስለማይሆን፣ አሮጌው ፊልም ሕመምተኛውን ከናሙና መርፌ ሊያድነው ይችላል።