አንድ ድስት፣ አራት እጅ



የዛሬው የጁሙዓ ማስታወሻችን ስለ ኩሽና ነው። «ኡስታዝ፣ ሌላ ርዕስ ጠፍቶ ነው?» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። ግን ትዳር የዲናችን ትልቅ ክፍል ነው ካልን፣ ትዳሩ በየቀኑ የሚኖርበትን ቦታ ከዲን ውጭ ልናደርገው አንችልም።

እስቲ የብዙ አዳዲስ ትዳሮችን ምሽት አስቡት። ሁለቱም ከሥራ ደክመው ይገባሉ። እሷ በቀጥታ ወደ ማጀት፣ እሱ በቀጥታ ወደ ስልኩ። እራት ይቀርባል፣ ይበላል፣ ይነሳል። ማንም አልተጣላም። ግን ማንም አልተገናኘም። እንዲህ እየሆነ ዓመት ያልፍና «ምን ነክቶን ነው የተራራቅነው?» ይባላል።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ሩም 21ኛ አንቀጽ ላይ ከራሳችን ጥንዶችን የፈጠረልን ወደ እነሱ እንድንረጋ መሆኑን፣ በመካከላችንም ፍቅርንና እዝነትን ማድረጉን ከተዓምራቱ አንዱ አድርጎ ነግሮናል። «መርጋት» ብለን የተረጎምነው የዐረብኛው ቃል ሥሩ «ሰከነ» ነው። ይህ ቃል ለእኛም እንግዳ አይደለም። ቡና ከእሳት ሲወርድ «ይስከን» ብለን እንጠብቀዋለን፤ አተላው ታች ሲወርድ ነው የሚቀዳው። የትዳር ሰኪናም እንዲሁ ነው። ሁለት ሰዎች ከቀኑ ግርግር ወርደው፣ አብረው የሚሰክኑበት ጊዜ ያስፈልጋቸዋል።

◆ ነቢያችን ቤታቸው ውስጥ

እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት ሲሆኑ ምን ይሠሩ እንደነበር ተጠየቁ። በቤተሰባቸው ሥራ ላይ ይሆኑ እንደነበር፣ የሶላት ሰዓት ሲደርስ ደግሞ ወደ ሶላት ይወጡ እንደነበር መለሱ። ቡኻሪ ዘግበውታል።

ወንድሜ፣ ይህን ደግመህ አስበው። ወሕይ የሚወርድላቸው፣ ሕዝብ የሚመሩ፣ የዓለም መልእክተኛ የሆኑ ሰው ናቸው በቤት ሥራ የሚያግዙት። «ወንድ ልጅ ጓዳ አይገባም» የሚለው አባባል ከሰፈር የመጣ እንጂ ከሱና የመጣ አይደለም። የቤት ሥራ በሚስት ላይ ግዴታ ነው ወይስ አይደለም በሚለው ዑለማዎች ተለያይተዋል። ባል ቢያግዝ ግን ሱናን መከተሉ እንደሆነ ማንም አይጠራጠርም።

የማጀት ድካምም ቀላል አይደለም። ፋጢማ (ረ.ዐ) በእጅ ወፍጮ ምክንያት እጃቸው ተጎድቶ አገልጋይ ሊጠይቁ ወደ አባታቸው ሄደው ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ ቤታቸው መጥተው በፋጢማና በዐሊይ (ረ.ዐ) መካከል ተቀመጡ። ከአገልጋይ የተሻለ ነው ብለው ሲተኙ የሚሉትን አስተማሯቸው፦ ሱብሐነላህ 33፣ አልሐምዱሊላህ 33፣ አላሁ አክበር 34 ጊዜ። ዚክሩን ለሁለቱም እንዳስተማሩ ልብ በሉ።

◆ ለምን አዲስ ምግብ?

«አብረን እንሥራ ካልን ሽሮም አይበቃም?» ትሉ ይሆናል። ይበቃል። ግን አዲስ ምግብ አንድ ጥቅም አለው። በለመድነው ወጥ ላይ አንዱ ባለሙያ፣ ሌላው ተመልካች ነው። ከዚያም «የእናቴ ወጥ እንዲህ አልነበረም» የምትለው መርዘኛ ቃል ትመጣለች። ስንት ምሽት በዚህች ቃል ተበላሸ! ሁለታችሁም ሠርታችሁት በማታውቁት ምግብ ላይ ግን ሁለታችሁም ተማሪ ናችሁ። ማወዳደሪያ የለም። እሱ ይጠይቃል፣ እሷም ትጠይቃለች።

ለምሳሌ ከሳዑዲ የተመለሱ እህቶቻችን ብዙዎቻችንን ያለማመዱንን ከብሳ ውሰዱ። አንዳችሁ ሽንኩርት ስትከትፉ ሌላችሁ ባስማቲ ሩዙን አጥባችሁ ለግማሽ ሰዓት ዘፍዝፉት። ሽንኩርቱን በዘይት አቁላሉ፤ ዶሮውን ጨምራችሁ አገላብጡ። ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ሄልና የደረቀ ሎሚ ይግባበት። ውሃ ጨምራችሁ ዶሮው ሲበስል አውጡት። ለ1 ኩባያ ሩዝ 1 ኩባያ ተኩል ያህል መረቅ አድርጋችሁ፣ ሩዙን በትንሽ እሳት ክደኑት። ከዚያ 20 ደቂቃ ያህል ክዳኑን ሳትከፍቱ መጠበቅ ነው። ያቺ 20 ደቂቃ ናት የኔ ዋና ጉዳይ። ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጡትና ተጫወቱ። «ዛሬ እንዴት ዋልሽ?» «አንተስ?» ተባባሉ።

◆ ሩዙ ገንፎ ቢሆንስ?

ሊሆን ይችላል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ምግብን አነውረው አያውቁም፤ ከወደዱት ይበሉ ነበር፣ ካልወደዱት ይተዉት ነበር። አንድ ቀን ደግሞ አንዷ ባለቤታቸው ለእንግዶች በሳህን የላኩትን ምግብ ሌላዋ ባለቤታቸው በቅናት መትተው ሳህኑን ሰበሩት። እሳቸው አልጮኹም። ስባሪውን ሰበሰቡ፣ ምግቡን መልሰው አደረጉበት፣ እናታችሁ ቀንታ ነው ብለው ለእንግዶቹ ነገሩ። ለተሰበረውም ሳህን ደህና ሳህን ተካ። እኛስ ለበዛ ጨው ስንት ቀን እናኮርፋለን?

◆ አራት ነገሮች እንዳትረሱ

1. ኒያ። አንዳችሁ ሌላውን ለማስደሰት፣ ለአላህ ብላችሁ ሥሩት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ (ረ.ዐ) አንድ ሰው ለአላህ ብሎ በሚስቱ አፍ የሚያደርጋት ጉርሻ እንኳ ምንዳ እንዳላት ነግረዋቸዋል። ጉርሻ እኮ የኛው ባህል ነው! በኒያ ዒባዳ አድርጉት።

2. ሶላት። አዛን ሲሰማ እሳቱ ይጥፋ። የዓኢሻን (ረ.ዐ) ሐዲስ መጨረሻ አስታውሱ።

3. ጎረቤት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አቡ ዘርን (ረ.ዐ) መረቅ ሲሠሩ ውሃውን አብዝተው ጎረቤትን እንዲያስቡ መክረዋቸዋል። አንድ ሳህን ለጎረቤት ይውጣ።

4. ካሜራ። የቤታችሁን ደስታ ሁሉ ለሰው አታሳዩ። አንዳንዱ ጣፋጭ ነገር ለሁለት ብቻ ሲሆን ነው የሚጣፍጠው።

ገና ያላገባችሁ ወንድሞች፣ ይህ ለሌላ ሰው የተጻፈ እንዳይመስላችሁ። ዛሬ ለእናቱ ሽንኩርት የማይልጥ፣ ነገ ለሚስቱ ይልጣል ማለት ዘበት ነው። ከዛሬ ማታ ጀምሩ።

ባለትዳሮች ደግሞ የዚህ ሳምንት የቤት ሥራችሁ ይኸው ነው፦ አንድ ምሽት፣ አንድ አዲስ ምግብ፣ አንድ ድስት። በመካከላችሁ ያኮረፈ ካለም «ነይ፣ አንድ ነገር እንሥራ» ማለት አንዳንዴ ከረጅም ይቅርታ ይቀላል።

አላህ በቤቶቻችን ሰኪናን፣ በማዕዳችን በረካን፣ በልቦቻችን መዋደድን ያድርግልን። ላላገባችሁም ሷሊሕ የትዳር አጋር ይወፍቃችሁ። ሱረቱል ከህፍን መቅራትና በነቢያችን ላይ ሶለዋት ማብዛትን አትርሱ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ።