ውጅግራው የማን ነው? ሴቶችን ማዕከል ያደረገ ታሪካዊ ልቦለድን ስለማንበብ

ባለፈው ሴሚስተር በልቦለድ ኮርስ ላይ ቀላል የሚመስል የቡድን ሥራ ተሰጥቶን ነበር። ከታሪካዊ ልቦለዶች መካከል በሴት ሕይወት ዙሪያ የሚያጠነጥነውን መርጣችሁ ተንትኑ የሚል። እኛም ቤተ መጻሕፍት ገብተን መፈለግ ጀመርን። መጀመሪያ እጃችን የገቡት የብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ» (1958 ዓ.ም.)፣ የአቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ» (1961 ዓ.ም.) እና የማሞ ውድነህ «አሉላ አባ ነጋ» ነበሩ። የማንን ሕይወት እንደሚከተሉ ርዕሳቸው ብቻ ይናገራል። በነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ሴት የለችም ማለቴ አይደለም። አለች፤ እናት ሆና፣ ሚስት ሆና። ጀግናው ሲወለድ፣ ሲያገባና ሲያዝን ብቅ ትላለች። በመካከል ያለውን ጊዜ የት እንደምታሳልፈው ግን ብዙም አይነገረንም።

«አንድ ለናቱ» የሚለውን ርዕስ እስቲ ቆም ብለን እንየው። የቴዎድሮስ የፉከራ ስም ነው። እናት በስሙ ውስጥ ገብታለች፤ የገባችው ግን የልጇ ብርቅነት እንዲለካባት ነው። ስለ ወይዘሮ አትጠገብ ሕይወት ከቆየልን ነገር ሁሉ የታወቀው ደግሞ የጠላት ስድብ ነው፤ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» የሚለው። ስድቡን ሁላችንም እናውቀዋለን። ኮሶ መሸጥ ራሱ ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ የጠየቀ ግን ከቡድናችን ውስጥ አንድም አልነበረም። ኮሶ እኮ መድኃኒት ነው! ጥሬ ሥጋ በሚበላበት አገር ተሳዳቢው መኳንንት ራሱ በየጊዜው ኮሶ ሳይጠጣ አይቀርም። አበባውን አድርቃ፣ ወቅጣ፣ ገበያ ይዛ የምትቀመጥ ሴት የስንቱን ቤት ሆድ ታውቃለች? ከዚህ ተነስቶ ልቦለድ መጻፍ ይቻላል። በዚያ ልቦለድ ውስጥ ካሣ የሚገባው የአንዲት ገበያተኛ ልጅ ሆኖ ነው።

እንግዲህ ለማለት የፈለግኩት ይህን ነው። ሴቶችን ማዕከል ያደረገ ታሪካዊ ልቦለድ ማለት ጀግናውን ከፈረሱ አውርዶ በምትኩ ጀግኒት ማስቀመጥ አይደለም። ፈረሱ ላይ የወጣችው ሴት ያንኑ ፉከራ ከፎከረች የተለወጠው ጾታዋ ብቻ ነው። የሚለወጠው ጥያቄው ሲሆን ነው፤ ማን ድል አደረገ ከማለት ይልቅ መሣሪያው የማን ነበር፣ ስንቁን ማን ፈጨ፣ ሬሳውን ማን ቀበረ፣ ማታ ድንኳኑ ውስጥ ምን ሆነ ወደሚል ጥያቄ። ይህንን አስፋፍቶ ያሳየኝ ሥራ በአማርኛ የተጻፈ አይደለም። አዲስ አበባ የተወለደችውና ገና በልጅነቷ ከአገር የወጣችው መዓዛ መንግሥቴ በእንግሊዝኛ የጻፈችው «ዘ ሻዶው ኪንግ» ነው፤ «የጥላው ንጉሥ» እንበለው። እ.ኤ.አ. በ2019 ታትሞ በ2020 ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ለአምስት ሰው አንድ ቅጂ ስለነበረን ተራ ይዘን ነው ያነበብነው፤ የኔ ተራ ደግሞ የፈተና ሳምንት ላይ ደረሰ።

ታሪኩ ዋነኛ መቼቱን ያደረገው ጣሊያን መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ድንበር ጥሶ የገባበትን ዘመን ነው። ሒሩት ወላጆቿን ያጣች ልጅ ናት፤ በደጃዝማች ኪዳኔና በሚስቱ በአስቴር ቤት በአገልጋይነት ትኖራለች። ከአባቷ የቀረላት ንብረት አንድ ውጅግራ ነው። (ውጅግራ «ፉዚል ግራ» የሚለው የፈረንሳይኛ ስም በእኛ አፍ የተሟሸ ነው። እ.ኤ.አ. በ1874 የተሠራ ጠመንጃ ስለሆነ በ1928 ዓ.ም. ያረጀ ያፈጀ ነበር።) ክተት ሲታወጅ ኪዳኔ ለሠራዊቱ መሣሪያ ይሰበስባል፤ የሒሩትንም ውጅግራ ይወስድባታል። ትዕይንቱ ጥቂት ገጽ ቢሆንም መጽሐፉ በሙሉ በሱ ላይ የቆመ ይመስለኛል። ምክንያቱም ኪዳኔ ክፉ ስለሆነ አይደለም የሚወስደው፤ አገር ተወሯል፣ ጠመንጃ ያስፈልጋል። ለእርሱ የልጅቷ ጠመንጃ ባለቤት የሌለው ዕቃ ነው። ለእሷ ደግሞ አባቷ ነው። ልጅቷ መሣሪያዋን ያጣችው ጠላት ገና ሳይደርስ፣ በገዛ ወገኗ እጅ መሆኑን ልብ በሉ።

ከዚያ በኋላ ሴቶቹ ሠራዊቱን ይከተላሉ። የድሮው ዘመቻ የራሱ የስንቅ ክፍል እንዳልነበረው በታሪክ ኮርስ ተምረናል፤ እህል ተሸክሞ፣ ፈጭቶ፣ ጋግሮ፣ ውሃ ቀድቶ ሠራዊቱን የሚያቆመው በአብዛኛው ሴቱ ነበር። ልቦለዱ ይህንን እንደ ጀርባ መጋረጃ አያልፈውም። ውሃ ሲቀዳ፣ ቁስለኛ ሲነሳ፣ ሙት ሲቀበር አብረን እንሸከማለን። አስቴር ግን በዚህ አትረካም። የባሏን ካባ ደርባ ሴቶቹን ለጦርነት ትጠራለች። እዚህ ላይ ብዙ ደራሲ ቢሆን ሁሉንም ሴቶች በአንድነት አሰልፎ ይዘምት ነበር። መዓዛ እንዲህ አላደረገችም። «እህቶቼ» የምትለዋ አስቴር ያችኑ ሒሩትን ቤቷ ውስጥ በጅራፍ የገረፈቻት እመቤት ናት። እንደውም ቤቱን ቀጥ አድርጋ የያዘችው ወጥ ቤቷ በመጽሐፉ ውስጥ የምትጠራው በሥራዋ ነው። መጀመሪያ ሳነብ ስሟ ያመለጠኝ መስሎኝ ወደ ኋላ ገጽ እያገላበጥኩ ፈልጌያለሁ። የሴቶች ታሪክ ስንል የየትኛዋ ሴት ነው? እመቤቲቱ በታሪክ ውስጥ ቦታ ስታገኝ ወጥ ቤቷ አሁንም ያው ማጀት ናት።

ክፍላችንን ለሁለት የከፈለው ግን ሌላ ነገር ነው። ኪዳኔ አርበኛ ነው። ይዋጋል፣ ወታደሮቹ ይወዱታል፣ አገሩን አይከዳም። ያው ሰው ሒሩትን በጦር ሰፈሩ ውስጥ በተደጋጋሚ ይደፍራታል። ቀን በጠላት ላይ የሚያዘምታት አዛዥ ማታ የሚያጠቃት ሰው ነው። አስቴርም ገና ልጅ ሳለች በሠርጓ ሌሊት የደረሰባትን ከዚህ ጋር አያይዘን እናነባለን። በውይይታችን ላይ አንድ የክፍላችን ልጅ ተነስቶ፣ አያቱ አርበኛ እንደነበሩ ገልጾ፣ «ይህ መጽሐፍ የአባቶቻችንን አጥንት የሚወቅስ ነው፤ ያውም በባዕድ ቋንቋ» አለ። ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበርና ማንም አልሳቀም። አንዲት ልጅ ደግሞ እንደተቀመጠች «የኔ አያትም ዘምተዋል፤ ለመናገር ዕድል የሰጣቸው ግን አልነበረም» ብላ መለሰች።

እኔ ያን ዕለት ዝም ብያለሁ፤ አሁን ልናገር። ቅሬታው ከንቱ አይደለም። አርበኞች የከፈሉት ዋጋ በፋሺስት የመርዝ ጋዝ የተቃጠለ ሥጋ ነው፤ እነሱን የሚመለከት ልቦለድ ይህን ከረሳ ውሸታም ይሆናል። ይሁንና መጽሐፉ አልረሳም። ኮሎኔል ፉቼሊ እስረኞችን ከገደል አፋፍ ሲያስወረውር፣ ያንንም በፎቶግራፍ ሲያስቀርጽ እናያለን። ደራሲዋ ያደረገችው አንደኛውን ግፍ ለሌላኛው ማካካሻ አለማድረግ ነው። ኪዳኔ ጀግና ስለሆነ የሒሩት ጉዳት አይቀንስም፤ ሒሩትን ስላጠቃም ጣሊያን ትክክል አይሆንም። ሒሩት ሁለቱንም እያወቀች ትዋጋለች። ለኔ ከማንኛውም ፉከራ በላይ ከባድ ሆኖ ያገኘሁት ይህንን ነው፤ የሚደፍራትን ሰው ትእዛዝ እየተቀበለች ለአገሯ የምትተኩስ ልጅ። እንዲህ ዓይነቷን ሰው የጦርነት ዜና መዋዕል ሊይዛት አይችልም፤ ዜና መዋዕል ጸሐፊው የሚቀመጠው ከደጃዝማቹ ድንኳን ውጭ ነው።

ስለ ንጉሡ ነገር በአጭሩ ልለፍ። አፄ ኃይለ ሥላሴ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. አገር ለቀው ሲወጡ የሠራዊቱ ልብ ይሰበራል፤ ሒሩት ግን ምንም የሚባለው ደሃ ዘፋኝ ንጉሡን እንደሚመስል ታስተውላለች። ልብስ ለብሶ ከሩቅ ለሠራዊቱ ይታያል፤ ሒሩትና አስቴር ጠባቂዎቹ ይሆናሉ። ስሙ ራሱ «ምንም» መሆኑ ለአማርኛ አንባቢ ትንሽ የበዛ ፍንጭ ነው። ንጉሡ የቬርዲን «አይዳ» እያዳመጡ የሚተክዙባቸው ክፍሎችም ለኔ ረዝመውብኛል፤ ከሒሩት በወጣን ቁጥር መጽሐፉ ይቀዘቅዛል።

ይልቅ ስለ ፎቶግራፉ ልናገር። ሒሩትና አስቴር ተማርከው በሽቦ አጥር ውስጥ ሲታሰሩ፣ ኤቶሬ የሚባለው ወታደር ፎቶ እንዲያነሳቸው ይታዘዛል። መጽሐፉ የሚከፈተውም ከዓመታት በኋላ፣ በአብዮቱ ዋዜማ፣ ሒሩት የነዚያን ፎቶዎች ሳጥን ይዛ አዲስ አበባ ባቡር ጣቢያ ስትጠብቀው ነው። በልቦለዱ መካከል «ፎቶ» የሚል ርዕስ ያላቸው አጫጭር ክፍሎች አሉ፤ ፎቶው አይታይም፣ በቃል ይገለጻል። ይህ ለታሪካዊ ልቦለድ ተማሪ ትልቅ ትምህርት ነው። በዚያ ዘመን ስለነበሩ ተራ ሴቶች የቀረው ማስረጃ አብዛኛው በጠላት ካሜራ የተነሳ ነው፤ ስም የለውም፣ ፈቃድም የለውም። ደራሲዋ ማስረጃውን አልጣለችውም፤ እንዳለም አልተቀበለችውም። ሌንሱ ፊት የቆመችው ልጅ ምን ታያለች ብላ ጠየቀች።

በስም የሚታወቁትስ? ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ፣ ባለቤታቸው ደጃዝማች አበራ ካሣ በ1929 ዓ.ም. ከተገደሉ በኋላ ጦር የመሩት ወይዘሮ ከበደች ሥዩም፣ ወይዘሮ ልኬለሽ በያን አሉ። ወይዘሮ ከበደች፣ ጋብሪኤላ ጌርማንዲ እ.ኤ.አ. በ2007 በጣሊያንኛ ባሳተመችው ልቦለድ ውስጥ ገብተዋል፤ እሷም አዲስ አበባ የተወለደች ናት። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ደግሞ ራሳቸው አዚናራ ደሴት ታስረው የተመለሱ፣ በ1942 ዓ.ም. «የልቤ መጽሐፍ»ን ያሳተሙ ደራሲ ናቸው። ከሁሉም የሚገርመኝ የቋንቋው ነገር ነው። ስለ ሴት አርበኞች ያነበብኳቸውና የሰማኋቸው ሁለት ልቦለዶች፣ አንዱ በእንግሊዝኛ፣ አንዱ በወራሪው ቋንቋ የተጻፉ ናቸው።

ቋንቋው ተራ ልብስ አይደለም። በእንግሊዝኛ አስቴር ሒሩትን የምትጠራበትና ሒሩት አስቴርን የምትጠራበት ቃል አንድ ነው። በአማርኛ ቢጻፍ ኖሮ አንዷ «አንቺ» ስትል ሌላዋ «እርስዎ፣ እመቤቴ» ማለቷ በየመስመሩ በተሰማን ነበር። ከድፍረቱ በኋላስ? ሒሩት በማግስቱ ኪዳኔን «እርስዎ» ትለዋለች ወይስ «አንተ»? እንግሊዝኛው ይህን እንዲያልፈው ይፈቀድለታል። የአማርኛ ደራሲ ግን መወሰን አለበት፤ ያቺ አንዲት ተውላጠ ስም የምዕራፉ ትልቁ ድርጊት ልትሆን ትችላለች።

ለዓመቱ መጨረሻ የፈጠራ ጽሑፍ የመረጥኩት ርዕስ ከዚሁ መጽሐፍ የመጣ ነው፤ ከልቦለዱ ሳይሆን ደራሲዋ መጨረሻ ላይ ስለ ቅድመ አያቷ ከጻፈችው ማስታወሻ። ዘመቻ ሲታወጅ ከየቤቱ የበኩር ልጅ መሣሪያ ይዞ እንዲሄድ ተጠየቀ። የቤቱ በኩር ሴት ነበረች፤ በልጅነቷ የተዳረች ቢሆንም ገና ከባሏ ጋር አልኖረችም። አባትዬው ጠመንጃውን ለባሏ ሊሰጥ ሲል ልጅቷ አባቷን ሽማግሌዎች ፊት ከሰሰች። ረታች፤ ጠመንጃውንም ይዛ ዘመተች። ማስታወሻው ከዚህ ብዙም አይርቅም። ችሎቱ ምን ይመስል እንደነበር አይነግረንም።

እኔ ያንን ችሎት ለመጻፍ ሦስት ሳምንት ታግያለሁ። ሽማግሌዎቹ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል፤ ጠመንጃው መሬት ላይ በነጠላ ተጠቅልሎ ተጋድሟል። በላ ልበልሃ የወንድ ሙግት ነው፤ አንዲት ልጅ የወለዳትን አባት በምን ቃል እንደምትሞግት የሚያሳየኝ አላገኘሁም። አባቷን «አንተ» ካለች ሽማግሌዎቹ ሳይሰሟት ያባርሯታል፤ «እርስዎ» ካለች ደግሞ ክሱ ልመና ይሆንባታል። አሁን ባለኝ ረቂቅ ላይ አባቷን ጨርሶ አትጠራውም። ፊቷን ወደ ሽማግሌዎቹ አዙራ «ይህ ጠመንጃ» ብላ ትጀምራለች።