ስለ ጥርስ ጤና

«ጥርስ ባዳ ነው» ይባላል። ልብ እያዘነ ጥርስ ይሥቃልና። ጥርሱን ታሞ የሚያውቅ ሰው ግን ይህን ምሳሌ ሙሉ በሙሉ አይቀበለውም። የታመመ ጥርስ እንደ ባዳ ለብቻው አይቀመጥም፤ ሰውነትን ሁሉ ጠርቶ ከእርሱ ጋራ ያሳምማል።

ጥርሱን የሚያመውን ተማሪ መመልከት ይበቃል። ሌሊቱን ጕንጩን በእጁ ደግፎ ሲገላበጥ ያድራል። ሲነጋ እናቱ ቆሎ ብትሰጠው መቈርጠም አይችልም፤ ትኩስ ሻይ ቢያቀርቡለት እንደ መርፌ ይወጋዋል፤ ቀዝቃዛ ውሃም እንዲሁ። ስለዚህ በባዶ ሆዱ ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳል። መምህሩ እንዲያነብ ባዘዘው ጊዜ ፊደሉን ያያል እንጂ ቃሉ ወደ ልቡ አይገባም። ጓደኞቹ ሲጫወቱ እርሱ ግድግዳ ተደግፎ ይቀመጣል። መምህሩ ሰነፍ ይለዋል፤ ጓደኞቹም ቍጡ ይሉታል። ልጁ ግን ሰነፍም ቍጡም አይደለም። ከጤፍ ቅንጣት ጥቂት የምትበልጥ አንዲት ቀዳዳ ምግቡንና እንቅልፉን፥ ትምህርቱንም ወስዳበታለች። ሕመሙ ቸል ቢባል መግል ይቋጥራል፤ መንጋጋም ያብጣል። እብጠቱ ወደ አንገት የወረደ እንደ ሆነ ትንፋሽ እስከ መዝጋት ይደርሳል፤ በዚህም የሞቱ ሰዎች አሉ።

ቀዳዳዋን ማን ቈፈራት? በጥንት ዘመን በብዙ አገር ያሉ ሰዎች ትል ነው ይሉ ነበር። በኢትዮጵያም «ጥርሱን ትል በላው» ይባላል፤ ትሉን ለማውጣት ብለው የእምቧይ ፍሬ የሚታጠኑ አሉ። ነገር ግን ፒየር ፎሻር የተባለ የፈረንሳይ የጥርስ ሐኪም፥ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1728 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፥ የትሉን ነገር አልቀበልም አለ። በ1890 ዓ.ም. ደግሞ በበርሊን ከተማ ይሠራ የነበረው ዊሎቢ ሚለር እውነተኛውን ምክንያት ጻፈ። በአፍ ውስጥ በዐይን የማይታዩ ረቂቃን ተሕዋስያን አሉ፤ ከጥርስ ላይ የቀረውን ስኳር ወደ አሲድ፥ ማለት ወደ ኮምጣጣ ነገር ይለውጡታል፤ ይህም የጥርስን ነጭ ሽፋን ያሟሟል። አጥንት ቢሰበር ይጠገናል፤ ይህ ሽፋን ግን ከተቦረቦረ መልሶ አይበቅልም። ስለዚህ ከረሜላን ቀኑን ሙሉ መምጠጥ አንድ ጊዜ በልቶ ከመጨረስ ይብሳል።

ሕፃን 20 የወተት ጥርስ አለው። 6 ዓመት ገደማ ሲሆነው ከእነዚያ በስተኋላ አራት መንጋጋዎች ይወጣሉ። ሌላ ጥርስ ሳይወድቅ ስለሚበቅሉ ብዙ ወላጆች የወተት ጥርስ ይመስሏቸዋል፤ «ኋላ ይወድቅ የለምን» ብለው ቸል ይሏቸዋል። እነርሱ ግን እስከ ሽምግልና ድረስ የተሰጡ ናቸው፤ ቢነቀሉ ምትክ የላቸውም።

መፋቂያ የቈየ መልካም ልማድ ነው። የወይራ ወይም የክትክታ ቅርንጫፍ ቈርጠው፥ ልጡን ልጠው፥ ጫፉን አኝከው እንደ ብሩሽ ሲያደርጉት ጥርስን ያጸዳል። ይሁን እንጂ ብዙ ሰው የሚፍቀው ሲሥቅ የሚታየውን የፊት ጥርስ ብቻ ነው፤ ምግቡ ግን በመንጋጋው ስንጥቅ ውስጥ ተደብቆ ያድራል። ከመተኛት በፊት መፋቅ ከሁሉ ይበልጣል፤ በእንቅልፍ ጊዜ አፍን የሚያጥበው ምራቅ ይቀንሳልና። ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙና ያገኘ ሰው ሽፋኑ ይጸናለታል።

ይህ ፍሎራይድ ማዕድን ነው፤ ሲበዛ ግን ይጐዳል። በስምጥ ሸለቆ በብዙ ቦታ የጕድጓድ ውሃ ይበዛበታል። የዓለም የጤና ድርጅት የወሰነው ልክ በ1 ሊትር ውሃ 1.5 ሚሊግራም ነው፤ ከዚህ እጅግ ሲያልፍ ገና በድድ ውስጥ የሚሠራውን የልጅ ጥርስ ያበላሸዋል፤ ጥርሱም ቡናማ ይሆናል። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ የጕድጓድ ውሃ በጠጡት የሠራተኞች ልጆች ላይ ይህ ታይቷል። ብዙ ዓመት ከጠጡት መካከልም ወገባቸውና አንገታቸው ደርቆ መታጠፍ ያቃታቸው ነበሩ።

እንዲህ ያለ ጥርስ ያላት ልጅ ስትሥቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች፤ በሰው ፊት መናገርም ታፍራለች። የሚያሾፍባት ልጅ ጥርሷን የማትፍቅ ይመስለዋል። እርስዋ ግን ከእርሱ ይልቅ ደጋግማ ፍቃ ይሆናል፤ ቀለሙ ከውስጥ ስለ ሆነ አይለቅም። ለታናናሾችዋ የሚያስፈልገው ማዕድኑ የተቀነሰለት ውሃ ነው፤ ይህም ጥርሳቸው ገና በድድ ውስጥ ሳለ ሊደርስላቸው ይገባል።