ለአረጋውያን ብዙ መድኃኒት ሲታዘዝ ሊደረግ ስለሚገባው ጥንቃቄ

መድኃኒት በልኩና በጊዜው ሲወሰድ ሕይወትን የሚያድን፣ ከልኩ ሲያልፍ ወይም ከማይስማማው ጋር ሲገናኝ ግን የሚጐዳ ነገር ነው። ይህም ከማንም ይልቅ በሸመገሉ ሰዎች ላይ ጐልቶ ይታያል። ስለዚህ በዚህ ወር ጽሑፋችን ብዙ ዓይነት መድኃኒት የሚወስዱ አረጋውያን ከጉዳት የሚጠበቁበትን መንገድ ለየቤተ ሰቡ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ዕድሜ ሲገፋ የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታ፣ የልብ ድካምና የመገጣጠሚያ ሕመም ባንድ ሰው ላይ መደራረባቸው የተለመደ ነው። ለየበሽታው አንድ ወይም ሁለት መድኃኒት ሲታዘዝ ቍጥሩ ሳይታሰብ 5 ወይም 6 ይደርሳል። ሐኪሞችም በአብዛኛው 5ና ከዚያ በላይ የሆነ መድኃኒት ዘወትር መውሰድን የተለየ ጥንቃቄ የሚያሻው ነገር አድርገው ይቈጥሩታል። ብዛቱ ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ ሁሉም አስፈላጊ ሊሆኑ ይችላሉና። ጥፋቱ ሁሉንም ባንድነት የሚመለከት ሰው ሲታጣ ነው።

ያረጀ ሰውነት መድኃኒትን የሚቀበለው እንደ ጎልማሳ ሰውነት አይደለም። ኵላሊትና ጉበት መድኃኒትን የማስወገድ ኀይላቸው ስለሚቀንስ፣ ትናንት የተዋጠው ፈጽሞ ሳይወጣ የዛሬው ይጨመርበታል። ደግሞም በሰውነት ያለው ውሃ እየቀነሰ ስቡ በአንጻሩ ስለሚበዛ፣ እንደ ዲያዜፓም ያሉት በስብ ውስጥ የሚከማቹ መድኃኒቶች ለብዙ ቀን ይቈያሉ። ስለዚህ ለ30 ዓመት ጎልማሳ ተገቢ የሆነው ልክ ለ75 ዓመት አዛውንት ሊበዛ ይችላል።

ከሁሉ የሚያሳዝነው መድኃኒት ያመጣው ጉዳት እንደ እርጅና መቈጠሩ ነው። አባት ከመኝታቸው ሲነሡ ራሳቸውን ቢያዞራቸው፣ እናት ነገር ቢዘነጉ ወይም ደጋግመው ቢወድቁ፣ ቤተ ሰቡ «ምን ይደረግ፣ ዕድሜ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ነገር ግን ለጉንፋን የሚወሰደው ክሎርፌኒራሚን፣ ለእንቅልፍ የሚወሰደው ዲያዜፓም፣ እንዲሁም አሚትሪፕቲሊን አእምሮን ሊያፈዙና ለመውደቅ ሊያጋልጡ ይችላሉ። ሦስቱም አሜሪካዊው ሐኪም ማርክ ቢርስ ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጡትና ከዚያ ወዲህ በየጊዜው በሚታደሰው፣ አረጋውያን በተቻለ መጠን ሊርቋቸው የሚገቡ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ይገኛሉ።

አንዱ መድኃኒት ሌላውን የሚጠራበትም ጊዜ አለ። ለምሳሌ ለደም ግፊት የሚሰጠው አምሎዲፒን የአንዳንድ ሰዎችን እግር ያሳብጣል። እብጠቱ እንደ አዲስ በሽታ ተቈጥሮ ሽንት የሚያበዛው ፍሮሴማይድ ሊታዘዝ ይችላል፤ አዛውንቱም ሌሊት ለሽንት ሲነሡ ወድቀው የዳሌ አጥንታቸው ይሰበራል። የመከራው መነሻ የመጀመሪያው ክኒን መሆኑን ግን ማንም ላያስተውል ይችላል።

በራስ ፈቃድ የሚገዛውም መድኃኒት ያሰጋል። ለወገብና ለጕልበት ሕመም የሚወሰዱት ኢቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ጨጓራን ሊያደሙ ይችላሉ፤ እንደ ኤናላፕሪል ካሉ የግፊት መድኃኒቶችና ሽንት ከሚያበዙት ጋር ሲወሰዱም ኵላሊትን ሊጐዱ ይችላሉ። ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን የታዘዘላቸው ሰዎች ከእነዚህ ሊርቁ፣ አስፒሪንንም ሐኪም ካላዘዘ እንዳይወስዱ ይገባል። ጎመን የዋርፋሪንን ኀይል ስለሚቀንስ፣ በጾም ወራት ድንገት አብዝተው ከመብላታቸው በፊት ለሐኪማቸው ያስታውቁ። ለስኳር በሽታ ግሊበንክላማይድ የሚወስዱም ሳይበሉ ከዋሉ ስኳራቸው ከመጠን በታች ወርዶ ሊያልባቸው፣ ሊያንቀጠቅጣቸውና ራሳቸውን ሊያስታቸው ስለሚችል፣ ጾም ከመያዛቸው በፊት ሐኪም ማማከር አለባቸው። ምልክቱ ቢታይ፣ ሕመምተኛው ነቅተው መዋጥ የሚችሉ ከሆነ፣ ወዲያው በስኳር የተበጠበጠ ውሃ ወይም ማር ይሰጣቸው።

እንግዲህ የሚከተለውን መፈጸም ያስፈልጋል።

1ኛ/ ሐኪም ያዘዘውን፣ ተገዝቶ የመጣውን፣ ከውጭ አገር ዘመድ የላከውንና የባህሉን መድኃኒት ሁሉ ባንድ ከረጢት ሰብስቦ፣ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜና ከሆስፒታል በወጡ ቍጥር፣ ለሐኪም ወይም ለፋርማሲ ባለሙያ ማሳየት፤

2ኛ/ የየመድኃኒቱን ስም፣ ልክ፣ ሰዓትና የታዘዘበትን ምክንያት በወረቀት ጽፎ መያዝ። አንድ መድኃኒት በሁለት ስም ይሸጣልና፣ ፓናዶልንና ፓራሲታሞልን አብሮ የሚውጥ ሰው ያንኑ መድኃኒት በእጥፍ መውሰዱ ነው፤

3ኛ/ ክኒኖችን ከየማሸጊያቸው አውጥቶ ባንድ ብልቃጥ አለመቀላቀል። ዓይናቸው ለደከመ ወይም ማንበብ ለማይችሉ ከቤተ ሰቡ አንድ ሰው ኀላፊ ይሁንላቸው፤

4ኛ/ የተረሳውን ለማካካስ እጥፍ አለመዋጥ፣ የጎረቤትንም መድኃኒት አለመዋስ፤

5ኛ/ ጉዳት ቢጠረጠርም መድኃኒትን በራስ ፈቃድ አለማቋረጥ። ፕሮፕራኖሎል በድንገት ቢቋረጥ ልብን ሊጐዳ፣ ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ፕሬድኒሶሎን ቢቋረጥም ሰውነትን ሊያዝል ይችላል፤ እነዚህን ቀስ በቀስ የሚያስቀንሰው ሐኪም ነው። ነገር ግን ሰገራ ቢጠቍር፣ ደም ቢፈስ ወይም ሕመምተኛው ራሳቸውን ቢስቱ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ መድኃኒታቸውን ሁሉ ይዞ ወደ ሕክምና ቦታ ማድረስ ይገባል።

እርጅና በራሱ በሽታ አይደለም። አባትዎ ወይም እናትዎ በቅርብ ጊዜ ውስጥ ቢደክሙ፣ ቢዘነጉ ወይም ቢወድቁ፣ ምክንያቱን በዕድሜያቸው ላይ ከማላከክዎ በፊት የሚወስዱትን መድኃኒት አንድ በአንድ ይቍጠሩ፤ ቈጥረውም ለሐኪም ያሳዩ።