ኤክስ እና ኢን፦ ውጪና ውስጥ

ዛሬ ስለ ሁለት የእንግሊዝኛ ባዕድ መነሻዎች ይዤላችሁ ቀርቤያለሁ። መጀመሪያ ግን ቤታችን የሆነውን ልንገራችሁ።

በቀደም ታናሽ እህቴን ቆዳዋን አሳከካት። እማዬ ድሮ የተገዛ ፈሳሽ መድኃኒት ከቁም ሳጥን አወጣችና «ማንኪያ አምጣ» አለችኝ። ጠርሙሱን ሳየው በእንግሊዝኛ «ፎር ኤክስተርናል ዩዝ ኦንሊ» ይላል። «እማዬ ቆይ! ይሄ ከውጪ የሚቀባ ነው፣ አይጠጣም!» አልኳት። ፋርማሲ ሄደን ስንጠይቅ እውነትም የሚቀባ ነው። እማዬ እጇን በአፏ ጫነች። ባለሙያዋም የቆየ መድኃኒት ሳትጠይቁ እንዳትጠቀሙ ብላ መከረችን።

እንዴት አወቅኩ? ክፍል ውስጥ ኤክስ ማለት «ወደ ውጪ»፣ ኢን ማለት ደግሞ «ወደ ውስጥ» ነው ተብለን ስለተማርን ነው። ሁለቱም የመጡት ከጥንት ሮማውያን ቋንቋ ከላቲን ነው። ኢን የሚለው ከፒ፣ ከቢ እና ከኤም ፊት ሲመጣ ኢም ይሆናል። ምሳሌ፦

1. ኤክስፖርትና ኢምፖርት፦ ፖርት የመጣው መሸከም ከሚል የላቲን ቃል ነው። ስለዚህ ኤክስፖርት ወደ ውጪ መላክ፣ ኢምፖርት ከውጪ ማስገባት ነው። አገራችን ቡና ኤክስፖርት፣ ነዳጅ ኢምፖርት ታደርጋለች።

2. ኤክስሄልና ኢንሄል፦ ስንተነፍስ አየር ማስወጣትና ማስገባት ነው።

3. ኤክስተርናልና ኢንተርናል፦ የውጪ እና የውስጥ ማለት ነው።

ግን ተጠንቀቁ! ኢን ሁልጊዜ «ውስጥ» ማለት አይደለም። አንዳንዴ ቃሉን አፍራሽ ያደርገዋል፤ ልክ በአማርኛ ፍትሐዊ የሚለው ኢፍትሐዊ እንደሚሆነው። ለምሳሌ ፖሲብል የሚቻል ሲሆን ኢምፖሲብል የማይቻል ነው።

ከሁሉም የሚያሳስተው ኢንፍላመብል የሚለው ነው። «የማይቃጠል» ይመስላል አይደል? እንዴ! በጭራሽ! ትርጉሙ «ቶሎ በእሳት የሚያያዝ» ነው። ይህ ቃል የተጻፈበት ዕቃ አጠገብ ክብሪት የሚጭር ሰው ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት። ስለዚህ ባዕድ መነሻ ማወቅ ይጠቅማል፣ ግን እርግጠኛ ካልሆናችሁ መዝገበ ቃላት እዩ ወይም መምህር ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ኢንክሉድ እና ኤክስክሉድ ከሚሉት «ከጨዋታው አስወጡኝ» ለማለት የሚሆነው የትኛው ነው? መልሱን በሚቀጥለው እትም ጠብቁኝ። ቸር ይግጠመን!

ከ7ኛ ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል