ተንቀሳቃሽ የስፌት መኪና መቆሚያ አሠራር
ለመልሶ ማቋቋም ሥራ የሚረዳ አጭር ትምህርት

ድርቅ በሚጸናበት አገር ከእርሻው የሚነቀለው ገበሬው ብቻ አይደለም። እህል ከጎተራ ሲያልቅ ልብስ የሚያሰፋ ሰው አይኖርምና ልብስ ሰፊውም ሥራ ፈትቶ መንገድ ይጀምራል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም.፣ ቀጥሎም በ1977 ዓ.ም. ወሎ በረሀብ በተመታ ጊዜ ብዙ ሕዝብ ቀዬውን ለቋል። ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮም ብዙ የወሎ ቤተሰብ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ወለጋ፣ ወደ ከፋና ወደ መተከል ተወስዶ እንዲሰፍር ተደርጓል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ሰሜን ወሎ ሲዘልቅ ደግሞ የሀብሩና የወልዲያ ነዋሪ ዳግም ተሰዷል። ከቤት የወጣ ሰው ይዞ የሚሄደው በጫንቃው ወይም በአህያው ሊሸከም የሚችለውን ብቻ ነው።

በግራናም ሆነ በመርሳ የልብስ ሰፊ መተዳደሪያ በእግር የሚረገጠው የስፌት መኪና ነው። የመኪናው ራስ ከባድ ቢሆንም አንድ ሰው ሊሸከመው ይችላል። መቆሚያው ግን ወፍራም የብረት ቅልጥ ስለሆነ ለረጅም መንገድ አይመችም፤ ስለዚህ ባለቤቱ ራሱን ይዞ እግሩን ይተዋል። መቆሚያ የሌለው መኪና በእጅ መዘውር ቢሠራም ቀኝ እጅ በማዞር ስለሚያዝ ጨርቁን የሚመራው አንድ እጅ ብቻ ይሆናል፤ ሥራውም ይጓተታል። በዚህ ምክንያት ሙያ ያለው ሰው በመጠለያ ጣቢያ መኪናውን አጠገቡ አስቀምጦ ቀለብ ጠባቂ ሆኖ ይቀራል። ከዚህ በታች የሚገለጸው መቆሚያ ይህን ችግር ለማቃለል የታሰበ ነው።

ሀ. የአሠራሩ መሠረተ ሐሳብ

መቆሚያው ሲጓጓዝ ቀላል፣ ሲሠራበት ግን ከባድ መሆን አለበት። ቀላል እንጨት መርገጫው በተረገጠ ቁጥር ይወዛወዛል፤ መኪናው ሲወዛወዝ ስፌቱ ይጣመማል፣ መርፌም ይሰበራል። ስለዚህ ክብደቱን ከቦታ ወደ ቦታ መሸከም ሳያስፈልግ እዚያው ከሥራው ቦታ ማግኘት ይገባል። ባዶ የእርዳታ እህል ጆንያ በአሸዋ ተሞልቶ በመቆሚያው ግርጌ ቢቀመጥ ይህን ያሟላል። ሲነሣ አሸዋው ይደፋል፤ ጆንያው ይታጠፋል።

ከአሮጌው መቆሚያ ትልቁን መዘውር፣ መርገጫውንና ሁለቱን የሚያያይዘውን ዘንግ አውጥቶ ማስቀረት ያስፈልጋል። መዘውሩ በክብደቱ ምክንያት እግር በማይገፋበት ቅጽበት እንኳ መዞሩን ስለሚቀጥል በቀላል የእንጨት መዘውር መተካት የለበትም። በእንጨት የሚተካው የብረት እግሩ ብቻ ነው።

ለ. እንጨትና መጠን

ለገበታውና ለእግሮቹ በደንብ የደረቀ ዋንዛ ይመረጣል፤ ቀላል ነው፣ ለመጥረብም አያስቸግርም። ዋንዛ ካልተገኘ የደረቀ ባሕር ዛፍ ለእግር ይሆናል። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ስለሚጣመም መጠቀም አይገባም። መርገጫው በሚዞርባቸው ሁለት ነጥቦች ላይ ጠንካራ የወይራ ቁራጭ ይገባል።

የገበታው ርዝመት 80 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዱ 42፣ ውፍረቱ 2.5 ይሁን። ከመሬት እስከ ገበታው ያለው ከፍታ 75 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። የራሱ ማስገቢያ ቀዳዳ የሚቆረጠው መኪናው ራሱ ከተለካ በኋላ ነው፤ ከሌላ መኪና በተወሰደ ልክ መቁረጥ ገበታውን ያበላሻል።

ሐ. አገጣጠም

በመጀመሪያ በግራና በቀኝ የሚቆሙ ሁለት ማዕቀፎች ይሠራሉ። እያንዳንዱ ሁለት እግርና ሁለት አግዳሚ ይኖረዋል። እግሮቹ ከታች ከላይኛው ይልቅ ሰፋ ብለው ይቁሙ። ሁለቱ ማዕቀፎች ከኋላ በላይና በታች አግዳሚ፣ እንዲሁም በአንድ ሰያፍ እንጨት ይያያዛሉ። ሰያፉ ከተረሳ መቆሚያው ወደ ጎን ይወላገዳል።

መጋጠሚያዎቹ ሁሉ በቡሎንና በዳዶ ይታሰሩ። ምስማር በንቅናቄ ብዛት ይላላል፤ ደጋግሞ ሲነቀልም እንጨቱን ይሰነጥቃል። የመዘውሩ መያዣ በቀኙ ማዕቀፍ ላይ ከውስጥና ከውጭ ቆርቆሮ ተደርጎለት ይታሰራል። ቺንጋው በገበታው ቀዳዳዎች በኩል ሲያልፍ እንጨቱን እንዳይነካ ሁለቱ መዘውሮች በአንድ መስመር መዋል አለባቸው። ቺንጋ ከጠፋ ከደረቀ ቆዳ በእኩል ውፍረት የተቆረጠ ጠፍር በሽቦ ተያይዞ ያገለግላል። በጣት ሲጫኑት በመጠኑ ይረግብ፤ በጣም ከጠበቀ እግርን ያደክማል፣ ከላላም ይንሸራተታል።

መ. ፍተሻ

ሥራው ከመጀመሩ በፊት አንድ ብርጭቆ ውኃ በገበታው ላይ አስቀምጦ መርገጥ ነው። ውኃው ከፈሰሰ ዳዶዎቹ ይጠበቁ፤ አሸዋም ይጨመር። ቀጥሎ በሁለት የታጠፈ አቡጀዲ ላይ ረጅም ቀጥተኛ ስፌት ይሞከር። በመጨረሻም መቆሚያው ተፈትቶ ይታሰርና የመኪናው ራስ፣ የብረት ክፍሎቹና እንጨቱ በሦስት ሸክም ተከፍለው ይመዘኑ። ማንኛውም ሸክም ከ15 ኪሎ ባይበልጥ ይመረጣል።

ሠ. ለኃላፊዎችና ለእርዳታ ሠራተኞች

ተፈናቃይ ሲመዘገብ የቤተሰብ ቁጥር ብቻ ሳይሆን ሙያውና ይዞት የመጣው መሣሪያም ሊጻፍ ይገባል። መቆሚያውን ከተፈናቃዮቹ መካከል ያለ አናጢ ቢሠራው ሁለት ሰው ሥራ ያገኛል። ሆኖም ክር፣ መርፌና ዘይት ሳይታደሉ መቆሚያ ብቻ ማደል ሥራውን ግማሽ መንገድ ላይ መተው ነው። የመኪናው ብዛትም ከገበያው ጋር ይመዛዘን፤ በአንዲት ትንሽ ገበያ አሥር ልብስ ሰፊ ቢቀመጥ ሁሉም ይራባል።

በጣቢያው የሚቀደድ ድንኳን፣ የሚጠገን ጆንያና የሚሰፋ የተማሪ ልብስ አይጠፋም። ዝናቡ ተመልሶ ሰው ወደ ግራና ሲመለስም ልብስ ሰፊው መተዳደሪያውን አህያ ላይ ጭኖ አብሮ ይመለሳል፤ በመጀመሪያው የገበያ ቀንም ጆንያዎቹን የወንዝ አሸዋ ሞልቶ ሥራውን ይጀምራል።